የአጎት ኪየም የይለፍ ቃልና የእኔ ዓሣ

ስለ ዓሣው ያልሰማ ሰው በዳይ ወንዝ ግራና ቀኝ አይገኝም። ከተገኘም ጀልባዬ ላይ ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው፤ ጀልባዬ ላይ ተሳፍሮ የማያውቅ ደግሞ ወይ ዋናተኛ ነው ወይ ዳክዬ። ለማንኛውም ላልሰማችሁ ባጭሩ ልናገር፤ ያለ እሱ ቀጥሎ የማወራው አይገባችሁም።

ወንዛችን ውስጥ አንድ አምባዛ አለ። ጢሙ ከጀልባዬ ገመድ ይረዝማል። ጀርባው ላይ ሣር በቅሎበት አንድ ክረምት የጎረቤት ጎሽ ሲግጥበት ሰንብቷል። አሁን አርጅቷል፤ አደን ትቶ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ወንዙ ያመጣለትን ይውጣል። ምን ምን እንደዋጠ የሚወሰነው እንደ ቀኑ ነው። አንድ ቀን የሠርግ ድንኳን ከነወንበሩ ውጦ ያድራል፣ ሌላ ቀን አዲስ ሞተር ብስክሌት ከነሰሌዳው። ከአንዱ ዳር ተነሥቼ ሌላው ዳር እስክደርስ ዓሣው ጠግቦ መተኛት አለበት፤ የወንዛችን ስፋት ለአንድ ውሸት ልክ ነው።

ይህን ወሬ ከሰው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አጎት ኪየም ነበሩ። አጎት ስላቸው በሥጋ እንዳይመስላችሁ። ጀልባዋ የእሳቸው ናት። ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ እኔም አስተማሪዬም ከተገላገልን ጀምሮ፣ እሳቸው ከኋላ መሪውን ይዘው እኔ ከፊት እየቀዘፍኩ አብረን አረጀን። ወሬውን ስንት ጊዜ እንደሰሙት እግዜር ይወቀው፣ ግን እንዳልሰማ ሰው «ከዚያስ? ከዚያስ ምን ዋጠ?» እያሉ ተሳፋሪውን ያስጎመጁልኛል። ውሸታም በየሰፈሩ አለ። እንደሳቸው ያለ ሰሚ ግን ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

አጎት ኪየም ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። የገደላቸው ሳንባቸው ነው። መሪውን ለእኔ ከለቀቁ በኋላ፣ በመጨረሻው ዓመታቸው፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ስልኩን አፋቸው ሥር አድርገው ሲያወሩ ይውሉ ነበር። የሚያወሩት ለሚስታቸው ለአክስት ሚየን ነው። አክስት ሚየን እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብለው የውሃ ጎመን እየቀነጠሱ ሳለ፣ እሳቸው ለስልኩ ይነግሩታል። ለምን በቀጥታ አትነግረኝም ሲባሉ፣ አሁንማ አጠገብሽ ነኝ፣ ይሄ ለበኋላ ነው ይላሉ። ፓምፑ እንዴት እንደሚነሣ፣ ጣራው በየት በኩል እንደሚያፈስ፣ የጎረቤታችን የሉክ ዳክዬዎች ጓሮ ሲገቡ ምን ተብለው እንደሚሰደቡ፤ ሁሉንም ተናግረዋል። አንዳንዱ ውስጥ ወሬ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሲያስነጥሳቸው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ወንዝ ከገባ በኋላ ሌላ ስላላስደረጉ ድምፃቸው እንደተቀደደ ጡሩምባ ያፏጫል።

ከሞቱ ወዲህ አክስት ሚየን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ያንን የሚያፏጭ ድምፅ ከፍተው ይሰማሉ። በረንዳው ከጀልባ ማቆሚያው ሩቅ አይደለም። እኔም መቅዘፊያዬን አሳርፌ እሰማለሁ። ተሳፋሪ ቢቸኩል የዋና ልብሱን እንዲያወጣ እነግረዋለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር ስልኩ ጋን ውስጥ ገባ። የጣራ ውሃ የሚጠራቀምበት ጋን ነው፤ አክስት ሚየን ጎንበስ ብለው ሲቀዱ ከደረት ኪሳቸው ሾለከ። አውጥተን ሩዝ ውስጥ ቀበርነው። ሩዙ አበጠ፣ ስልኩ አልተነሣም። ለማጽናናት ብዬ ዓሣው ጋን ውስጥም ዘመድ አለው አልኳቸው። አልሳቁም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ባዶ እጃቸውን ያዩ ጀመር። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ ከሰዓት ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን አውጥተው ይቀመጣሉ፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም።

ልጃቸው ዲየፕ ከሃኖይ አዲስ ስልክ ይዛ መጣች። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ፣ ስትናገር የማትቸኩል ልጅ ናት። የሞተው ስልኩ እንጂ ድምፁ አይደለም፣ ድምፁ አካውንቱ ውስጥ አለ ብላ ስታስረዳቸው አክስት ሚየን ቆመው ነበር፣ ቁጭ አሉ። የሚያስፈልገው የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው። የይለፍ ቃል ለጠፋበት ሰው አዲስ የሚላከው በስልክ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ የአባቷ ነበር፤ ከቀብሩ በኋላ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ለማረጋገጥ ደወልን። ሌላ ክፍለ ሀገር ያለ የአሳማ ግልገል ነጋዴ አነሣው፤ ስንት ግልገል እንደምንፈልግ ጠየቀን።

«ታዲያ አባቴ ፓስወርዱን የት ነው ያስቀመጠው?» አለች ዲየፕ።

አክስት ሚየን በአገጫቸው ወደ አያቶች መቀመጫ፣ ለቤቱ ሙታን ዕጣን ወደሚጤስበት መደርደሪያ፣ አመለከቱ። «ከዕጣኑ ጽዋ ሥር» አሉ።

ይህንን ያመጣችው ራሷ ዲየፕ ናት። አጎት ኪየም በሕይወት ሳሉ የቤቱ ግድግዳ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ለአያቶች አዲስ ጽዋ ተገዛ፣ ድግስም ተደገሰ። ዲየፕ ለድግሱ መጥታ ለአባቷ አካውንቱን የከፈተችላቸው በዚያው ቀን ነው። ቀድሞ ስልካቸውን የሚከፍቱት በልደት ዓመታቸው ነበር፤ የልደት ዓመታቸው ደግሞ የጀልባዋ ጭራ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ዲየፕ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። ሰው ጠይቆና ገምቶ የሚደርስበት ነገር አይሆንም አለች፤ ልደትም የልጅ ስምም አይሆንም። እርስ በርስ ዝምድና የሌላቸው ቃላት ይገጣጠሙ። አንዴ ይጻፉ። የተጻፈውም የእንግዳ እጅ የማይደርስበት፣ የቤት ሰው ግን የማይጠፋው ቦታ ይቀመጥ፤ ቁም ሳጥን በር ላይ አይለጠፍ፣ የስልኩ ልባስ ውስጥም አይወተፍ።

እንዲህ ያለ ቦታ በእኛ ቤቶች ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ሌባ እንኳ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ሲወጣ ለዕጣኑ ጽዋ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። ጽዋውን የሚያንቀሳቅስ እጅ የለም። ሲጸዳም አንድ እጅ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሌላው ይወለውላል፤ ንቅንቅ ካለ የቤቱ ሙታን እንቅልፍ ያጣሉ። አጎት ኪየም አዲሱ ጽዋ አመድ ሳይገባበት ገለበጡት፣ ሥሩ ላይ በሰማያዊ ማርከር ጻፉበት፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ አለቀ።

እንግዲህ ለማንሣት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አክስት ሚየን ሙዝና ንጹሕ ውሃ አቀረቡ፣ ዕጣን ለኮሱ፣ አንድ አንድ ፊታቸው ኖራ የተቀባ ሁለት ሳንቲሞች ሳህን ላይ ጣሉ። አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ሆኖ ከወደቀ እሺ ማለት ነው። ከሚጠየቁት ሙታን መካከል አሁን አጎት ኪየም ራሳቸው አሉበት፤ ሐዘኑ ሲወጣ ከአያቶቻቸው ጋር እዚያው ጽዋ ላይ ተጠቃለዋል። ፈቃዱን የምንጠይቀው ጸሐፊውን ራሱን ነበር።

ሁለቱም ነጭ ሆነው ወደቁ። ይሄ ሙታኑ ሳቁ ማለት ነው። እንደገና ጣሉ፤ አሁንም ሳቅ። አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ነው፣ ይጨርሱ አልኩ እኔ። አክስት ሚየን አላዩኝም። ከጽዋው ኋላ የቆመውን የባላቸውን ፎቶ አዩት።

«ኪየም» አሉት፣ «በእኔ ከሆነ የምትስቀው ስመጣ እንተያያለን። አሁን ግን እሺ በል። ድምፅህን ፈልጌ ነው።»

ሳንቲሞቹ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ሆነው ወደቁ።

አመድ ስለሞላው መገልበጥ አይቻልም። እኔ ጽዋውን በሁለት እጄ ወደ ላይ አነሣሁት፣ ዲየፕ ከሥር አንጋጣ በስልኳ መብራት አየች። ብዙ ቆየች። እጄ መዛል ሲጀምር «ዳክዬ» አለች።

«ምን ዳክዬ?»

«ዳክዬ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ምንም አይነበብም።»

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብንም፣ የሚሸት ነገር ነውና። በዓመቱ ማብቂያ የአያቶች መቀመጫ በዝንጅብል አረቄ ይጸዳል። ሌላው ሰው ጨርቅ ነክሮ ይወለውላል፤ አክስት ሚየን ያፈስሳሉ። ለእንግዳም ሲቀዱ ከብርጭቆው እስኪያልፍ ነው። ጽዋውን አንድም ቀን ነቅንቀው አያውቁም፤ በግራ እጃቸው እንደ ሕፃን ደግፈው በቀኛቸው አረቄውን ያወርዱበታል። አረቄው በጎኑ ወርዶ ሥሩ ይተኛል፤ ያልተለበጠው ሸክላ ይጠጣዋል፤ የማርከሩን ቀለም እያሟሟ ይዞት ይሄዳል። ሌባ ያልደፈረውን አክብሮት አጠበው። ይህን ሲረዱ አክስት ሚየን ቀኝ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጉት ጀመር። የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም፣ ግን ይጠርጉታል።

ቆይተው አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ኪየም ሲጽፍ ይስቅ ነበር አሉ። ምን ያስቅሃል ብለው ቢጠይቋቸው፣ አይዞሽ፣ የቶአይ ዓሣ ይጠብቀዋል ብለዋቸዋል።

ቶአይ እኔ ነኝ። እናትና ልጅ ወደኔ ዞሩ። ነገሩ ለሦስታችንም ባንዴ ገባን። አጎት ኪየም እርስ በርስ ዝምድና የሌላቸውን ነገሮች የሚያውቁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእኔ አምባዛ ሆድ ውስጥ። ደግሞም ብልሃት ነበር። ልደትህን ቀበሌ ያውቀዋል፣ የልጅህን ስም ጎረቤት ይጠራዋል፤ ያልሆነን ነገር ግን ማን ጠይቆ ይደርስበታል? ተንኮሉ ሌላ ቦታ ነው። ዲየፕ፣ የድግሱ ቀን ዓሣው ምን ምን ነበር የዋጠው ብላ ስትጠይቀኝ፣ እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልሱ በዝቶብኝ ነው። እስከዛሬ ያንን ዓሣ ሁለት ቀን አንድ ዓይነት ምሳ አብልቼው አላውቅም።

ጎረቤት ተጠራ። ከድግሱ እንግዶች መካከል ትውስታቸው የሚታመነው ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ያኔ ስለተቀየሙኝ። አንዱ ዳክዬ አርቢው ሉክ ነው። በዚያ ሰሞን ዳክዬዎቹን ጎርፍ ወስዶበት ነበርና፣ አምባዛው ነው የዋጣቸው፣ ሆዱ ውስጥ እንቁላል እየጣሉ ነው ማለቴን አልረሳውም። ሌላው ዶአን ነው፤ በየንጋቱ በመንደሩ ድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ የሚያነበው። ያው ጎርፍ የወንዙን ዳር ምሰሶ ሲጥል ድምፅ ማጉያው ወንዝ ገባ። እኔም ዓሣው ድምፅ ማጉያውን ውጦ በየንጋቱ ከውሃ ሥር ዜና ያነባል፣ ያውም ከዶአን ባነሰ ስሕተት ብዬ አውርቻለሁ። ዶአን ይህንን ቃል በቃል ነው የያዘው።

ዳክዬ፣ ድምፅ ማጉያ። እስከዚህ ተስማሙ። ሦስተኛው ላይ ተጣሉ። ሉክ የመቅደስ ደወል ነው ይላል፤ ዶአን ሞተር ብስክሌት ነው ብሎ ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ አንድ ቀን ደወል ሌላ ቀን ሞተር ብስክሌት አስውጬዋለሁ። ዲየፕ በደወል ሞከረች፤ አልከፈተም። በሞተር ብስክሌት ሞከረች፤ አልከፈተም። ስልኩ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አንብባ ፊቷ ተለወጠ። አንድ ሙከራ ነው የቀረን አለች፤ እሱም ከተሳሳተ አካውንቱ ይዘጋል፣ ተዘግቶ ደግሞ ማን እንደሚከፍተው አላውቅም።

«አንተ ውሸታም» አለኝ ዶአን፣ ዝግ ብሎ፣ «ምናለ አንዲቷን ውሸት እንኳ ሁለቴ ብትደግማት?»

አክስት ሚየን ተነሡ። ተዉት፣ ልጁን አታስጨንቁት፣ ሩዝ ልጣድ ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ልጁ ያሉት ይህን ሽበታም ነው።

ወደ ጀልባዬ ወርጄ ተቀመጥኩ። ሰው ውሸት ሲባል ከባዶ የሚወጣ ይመስለዋል። እኔ ከባዶ አውጥቼ አላውቅም። ተሳፋሪው ሲገባ አየዋለሁ። ጫማው አዲስ ከሆነ ዓሣው ጫማ ይውጣል፤ ሙሽራ ካለች ድንኳን ይውጣል፤ የተከፋ ሰው ካለ ያስከፋውን ነገር ፈልጌ ለዓሣው እሰጥለታለሁ፣ እሱም ውጦ አንድ የሚያስቅ ነገር ያደርግበታል። ስለዚህ የዋጠውን ለማስታወስ መድከም አልነበረብኝም፤ ማን እንደተቀመጠ ማስታወስ ነው። ዓይኔን በረንዳው ላይ አድርጌ ድግሱን እንደገና አስቀመጥኩት። ከበሩ አጠገብ ሉክ አለ፤ ዳክዬ። ከሱ ቀጥሎ ዶአን፤ ድምፅ ማጉያ። ሞተር ብስክሌት የጠፋበት ሰው ያን ቀን አልነበረም። መነኩሴም አልተጋበዘም፤ ደወሉን ምን አመጣው? ከፊት ለፊቴ ማን ነበር?

ከፊት ለፊቴ የቤቱ ጌታ ነበሩ። ጥርሳቸው ወንዝ የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ቤታቸው ተሠርቶ፣ አገሩ ተሰብስቦ፣ እሳቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እንግዳ ሲያመሰግናቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አይመልሱም። አፍረዋል። እኔም ያንን አይቼ ዓሣውን ከወንዙ አንሥቼ ወደሳቸው አመጣሁት።

ለምን እንደረሳሁት ያኔ ገባኝ። አልረሳሁትም። አጎት ኪየም እስኪሞቱ ድረስ ዓሣው ምሳውን ቢቀያይርም ጥርሱን አያወልቅም ነበር። ከሞቱ በኋላ ጀልባዋ ላይ ወሬውን ስጀምር እዚያ ቦታ ስደርስ ምላሴ ይዞር ነበር። በሞተ ሰው ጥርስ እንዴት ይቀለዳል ብዬ አወጣሁት፤ ክፍተቱ እንዳይታወቅ አንድ ቀን ደወል፣ አንድ ቀን ሞተር ብስክሌት እወትፍበት ነበር።

ማድ ቤት ስገባ አክስት ሚየን ሩዝ እያጠቡ ናቸው። ቀና አላሉም። ሦስተኛው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ አልኳቸው። እጃቸው ውሃው ውስጥ ቆመ። መናገሩ ከበደኝ፤ እኔን፣ የሠርግ ድንኳን ያለ ጨው የማስውጠውን።

«የሳቸው ጥርስ ነው» አልኩ። «ዓሣው የአጎትን ጥርስ ውጦ፣ ደግሞ አውጥቶ አጠለቀው፤ ልብስ ለሚያጥቡት ሴቶች ፈገግ ሲል እርስዎ ወንዝ ወርደው አዩትና ባለቤትዎ መስሎዎት፣ ምሳህን በልተሃል ወይ አሉት ብዬ ነበር። አጎት ይህን ሰምተው ሲስቁ እጃቸው ከአፋቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ያን ቀን አፋቸውን በእጃቸው መልሰው አልሸፈኑም።»

«ታዲያ ከወሬው ለምን አወጣኸው?» አሉኝ አክስት ሚየን።

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፣ አክስቴ።»

«አንተ ቶአይ» አሉ፣ እጃቸውን ከውሃው አውጥተው፣ «ከማዶ ሰው አሳፍረህ ስትመጣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እኮ እሰማሃለሁ። ድግሱ ላይ መሆኑ ጠፍቶኝ እንጂ ጥርሱ ጋ ትደርሳለህ ብዬ እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ እጠብቃለሁ። አንተ ደወል ትላለህ።»

ቀድመውኝ ወደነ ዲየፕ ሄዱ። ተከትያቸው ወጣሁ።

ዲየፕ በቀስታ ጻፈች፤ ዳክዬ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ጥርስ፣ ሳይለያይ በአንድ ላይ። አንዴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ስልኩ ትንሽ አሰበና ተከፈተ። ድምፆቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ወጡ። አክስት ሚየን በእርጥብ ጣታቸው አንዱን ነኩት፣ ያ የሚያፏጭ ድምፅ ግቢውን ሞላው፦ «ሚየን፣ ፓምፑን ሳታነሺ መጀመሪያ ውሃ አጠጪው ብዬሻለሁ። ደርቆ ሲጮህ እኔን ነው የሚመስለው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ አክስት ሚየን። ሁልጊዜ እንደሚመልሱት ነው የመለሱት።

ሉክ ዞር ብሎ ዳክዬ የሚቆጥር መሰለ። ዳክዬ አልነበረም።

ዲየፕ ግን የቢሮ ልጅ ናት። ዓይኗን ጠርጋ ግቢውን ቃኘችው፤ ሉክ አለ፣ አጥር ላይ የተንጠለጠሉ ጎረቤቶች አሉ፣ ዶአን አለ፣ ዶአን ደግሞ ድምፅ ማጉያ አለው። ይህን ፓስወርድ አሁን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፣ ራት ሳይቀርብ መለወጥ አለበት አለች። ሁሉም የልደት ቀንና የልጅ ስም ያዋጣ ጀመር። አክስት ሚየን እጃቸውን አነሡ። ሌላ አልፈልግም አሉ። ቶአይ አዲስ ውሸት ይሥራልኝ፤ ለኔ ብቻ ይንገረኝ፤ ከዚያ በኋላ ለማንም እንዳይደግመው።

ጀልባዋ ላይ አሳፍሬያቸው ወንዙ መሀል ወሰድኳቸው። ለአንድ ሰው ብቻ ውሸት ሠርቼ አላውቅም ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ አየኋቸው፣ እጃቸውን፣ የአረቄ ሽታቸውን፣ ያንን ሁሉ ከሰዓት ባዶ እጃቸውን ይዘው መቀመጣቸውን። ከዚያ ጀመርኩ። የሠራሁት ነገር ከዓሣው ይበልጣል። ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። አክስት ሚየን በጣም ከመሳቃቸው የተነሣ ጀልባዋ መንገድ ስታ የሉክ ዳክዬዎች መሀል ገባች፤ ከሁለቱም ዳር ሰው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ያየናል። ስቀው ሲጨርሱ፣ እንደገና አሉኝ። ነገርኳቸው። አሁን አንዱን ለወጥክብኝ፣ እንደገና አሉኝ። እንዲህ እያሉ ጀልባዋን ላይ ታች አስቀዘፉኝ። በጎርፍ ሽቅብ ቀዝፌ አውቃለሁ፤ አንድን ውሸት ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ እንደመድገም ግን ያደከመኝ ነገር የለም። በመጨረሻ አንዲት ቃል ሳትዛነፍ ደገምኩት፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጭንቅላትም እንደ ስልክ ጋን ውስጥ ይገባልና፣ አንድ ቦታ ይጻፍ ብላ ዲየፕ አጥብቃ ያዘች። ተጻፈ። በማርከር አይደለም፣ በሚስማር ነው የተጫረው፤ አረቄ ቢፈስበት ይብሱን ይጠራል። የት እንደሆነ ዲየፕና እናቷ ያውቃሉ። ዶአን ያው የፈረደበት ጽዋ ሥር ነው ብሎ ለአገሩ ነግሯል፤ እኔም ተሳፋሪ ሲጠይቀኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እውነቱን ነው እላለሁ። ጽዋው በፈቃድ ወደ ቦታው ተመልሷል። ከሥሩ ያለው አንዲት ዳክዬና ሰማያዊ እድፍ ብቻ ነው።

ዓሣው ጥርሱን መልሶ አጥልቋል። አሁን ደወልም ሞተር ብስክሌትም ቢውጥ ጥርሱን ሳያወልቅ ነው። ተሳፋሪ ይስቃል፣ ግን ይሰለቸዋል፤ ቶአይ፣ ይሄን ዓሣ ጡረታ አውጣውና አዲስ ነገር አምጣ ይሉኛል። አዲሱ አፌ ውስጥ አለ። እዚህ ወንዝ ላይ ከተነገረው ሁሉ የሚበልጥ ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል፤ እውጠዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ አክስት ሚየን ወንበራቸውን ያወጣሉ። ስልኩን ከመክፈታቸው በፊት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከዚህ ይታየኛል፤ ያንን የነገርኳቸውን ከመጀመሪያው እየደገሙት ነው። አንድ ቦታ ሲደርሱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ያ የሚያፏጭ ድምፅ ውሃውን አቋርጦ ይመጣል፣ እኔም መቅዘፊያዬን አሳርፋለሁ። ትናንት አንድ እንግዳ ተሳፋሪ ሴትዮዋ ብቻቸውን ምን ያስቃቸዋል ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም አልኩት። ከውሸቶቼ ሁሉ አጭሩ ይኸው ነው።